ከቤት የተመለሱ ልጆች እና የቆርኪ ፊደል፦ የ3ኛ ክፍል የሥራ ማስታወሻ ከሐዋሳ

ጳጉሜን፦ ዝግጅት

ዘንድሮ የደረሰኝ 3ኛ ክፍል ነው። ስም ዝርዝሩ ላይ ከ60 በላይ ልጆች አሉ። የተወሰኑት ስም አጠገብ በእስክሪብቶ «ተመላሽ» ተብሎ ተጽፏል። አምና ወይም ካቻምና አቋርጠው ቤት የከረሙ ናቸው። አንዱ ታሞ ነው። አንዷ ታናሽ ወንድሟን ስትጠብቅ ነው። አንዱ ፍቅር ሀይቅ ዳር ለውዝ ሲሸጥ ነበር። ገጠር ዘመድ ጋ ተልከው የቆዩም አሉ። የቀሩትም ቢሆኑ ከክረምት ነው የሚመጡት፤ ሐምሌንና ነሐሴን ሙሉ ደብተር ያልገለጠ ልጅ ብዙ ነው።

ማስታወሻውን የምይዘው ለራሴም፣ ከእኔ ቀጥሎ ክፍሉን ለሚረከብ መምህርም ነው። የያዝኩት ሐሳብ አንድ ነው። ከቤት የተመለሰ ልጅ ንባቡ ካቆመበት ይነሳ። የ3ኛ ክፍል መጽሐፍ ገጽ 1 ለሁሉም መነሻ አይሆንም።

ይህን ያሳየኝ የኮሮና ጊዜ ነው። መጋቢት 7 ቀን 2012 ትምህርት ቤቶች በመላ አገሪቱ ተዘጉ። ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር፤ ግን ሁለቱም የሌሉበት ቤት ብዙ ነው። ከጥቅምት 2013 ጀምሮ በየተራ ስንከፍት ልጆቹ ወደሚቀጥለው ክፍል አልፈው መጡ። ግማሹ ዛሬ፣ ግማሹ ነገ እየገባ የአዲሱን ክፍል መጽሐፍ ጀመርን። «ለ»ን ከ«ሉ» የማይለይ ልጅ ፊት ሙሉ አንቀጽ ተዘረጋ። ያ ክፍተት ሳይሞላ ትልልቅ ክፍል የደረሱ ልጆች አሉ። ዛሬም ግቢ ውስጥ ሳያቸው ይቆጨኛል።

ከፔዳጎጂካል ሴንተሩ (የትምህርት ቤቱ የማስተማሪያ መሣሪያ ክፍል) ያገኘሁት አንድ ያረጀ የፊደል ገበታና ጥቂት ፍሊፕ ቻርት ነው። ጠመኔ ትምህርት ቤቱ ይሰጣል። ሌላውን ራሴ ማሰናዳት አለብኝ። ካርቶን ከሱቅ በነፃ ለመንኩ። ቆርኪ ደግሞ ከግሮሰሪ። ለባለቤቱ ለልጆች ማስተማሪያ ነው ስለው አስተናጋጆቹን ጠርቶ «ከዛሬ ጀምሮ እንዳትጥሉ» አላቸው። በሳምንቱ አንድ ፌስታል ሙሉ ሰጠኝ።

መስከረም ሁለተኛ ሳምንት፦ ማን የት ነው?

ምዘናው አንድ ገጽ ነው። ሐሳቡ የመጣው ህንድ ውስጥ ፕራታም የሚባለው ድርጅት ከሚሠራበት መንገድ ነው። እነሱ ልጅን በዕድሜው ወይም በክፍሉ አይመድቡም። ዛሬ ማንበብ የሚችለውን አይተው ነው የሚመድቡት፦ ፊደል፣ ቃል፣ አንቀጽ፣ ታሪክ። እኛም አገር ቢሆን እንግዳ ነገር አይደለም። በደቡብ አካባቢ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ስፒድ ስኩል» የሚባለው ፕሮግራም ያቋረጡ ልጆችን ሰብስቦ የ3 ዓመቱን ትምህርት በ10 ወር ያስተምራል። እነሱ በአንድ ክፍል የሚይዙት ልጅ ጥቂት ነው። እኔ ከ60 በላይ ይዤ እንዳለ መገልበጥ አልችልም። ምዘናውን ግን መውሰድ እችላለሁ።

ገጹ ላይ ከላይ ፊደላት አሉ፤ ተራቸው የተዘበራረቀ ነው። ከሥር አጫጭር ቃላት፣ ቀጥሎ አራት መስመር አንቀጽ፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ ታሪክ። ልጁን አንድ በአንድ በረንዳ ላይ አስቀምጬ አስነብባለሁ። ለአንድ ልጅ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ክፍል ውስጥ ማድረግ አይቻልም፤ አንደኛ ጫጫታ ነው፣ ሁለተኛ የቀሩት ይሰሙና ይሸመድዱታል። የመስከረም ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ደግሞ በረንዳውም አይሠራም። ያኔ ትቼ በማግሥቱ እቀጥላለሁ።

አንዱን ልጅ በደንብ ልጻፈው፤ ምክንያቱም የብዙዎቹ ችግር እሱ ላይ በግልጽ ይታያል። ገበታው ላይ «ሀ ሁ ሂ ሃ» በል ሲባል እስከ «ፐ» በዜማ ይወርዳል። አንድም አይስትም። ከዚያ ጣቴን «ሜ» ላይ አሳረፍኩ። ዝም አለ። ከንፈሩ ግን ይንቀሳቀሳል። ጠጋ ብዬ ስሰማ «መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ፣ ሜ» እያለ በሹክሹክታ እየቆጠረ ነው። ደረሰና ጮክ ብሎ «ሜ!» አለኝ። ልክ ነው። ግን ባለአራት ፊደል ቃል ሲያነብ ለእያንዳንዱ ፊደል እንዲህ ከቆጠረ፣ አራተኛው ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ምን እንደነበር ጠፍቶታል። ፊደሉን በዜማው ያውቀዋል፤ ለብቻው ሲቆም ግን አይለየውም።

ክፍሉ ሲከፈል እንዲህ ሆነ። ሲሶው ገደማ ፊደል ላይ ነው። ከዚያ ትንሽ የሚያንሰው ቃል ላይ። የቀረው አንቀጽና ታሪክ ላይ። ተመላሾቹ ሁሉ ፊደል ላይ ይሆናሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አይደሉም። ታሞ የከረመው ልጅ ታሪኩን ሳይደናቀፍ አነበበ። ታላቅ እህቱ አልጋው አጠገብ እየተቀመጠች ታስነብበው ነበር። በተቃራኒው አንድ ቀን እንኳ ሳይቀሩ የመጡ ልጆች ፊደል ላይ ቆመዋል። ስለዚህ ምዘናው ለሁሉም መሆኑ ተገቢ ነው። «ተመላሽ» የሚለው ምልክት ብቻውን የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው።

መስከረም መጨረሻ፦ ክፍለ ጊዜው ከየት ይምጣ?

ልማዳችን ቱቶሪያል ነው። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ወይም ቅዳሜ። አምና አይተነዋል። ስድስት ሰዓት ላይ ደወል ሲደወል በጣም የሚያስፈልጋቸው ልጆች ናቸው ቀድመው የሚሮጡት። ውሃ የሚቀዳ አለ፣ ሕፃን የሚረከብ አለ፣ ሥራ የሚሄድ አለ። የሚቀሩት ቤታቸው የሚያግዛቸው፣ ድሮም የሚያነቡት ናቸው። ስለዚህ ማካካሻው መደበኛው ክፍለ ጊዜ ውስጥ መግባት አለበት።

ምክትል ርዕሰ መምህሯ ጋ ገባሁ። መጀመሪያ የጠየቁኝ የሚጠበቀውን ነው፦ «ፖርሽኑስ (በዓመቱ መሸፈን ያለበት የመጽሐፉ ክፍል)? ሱፐርቪዥን ሲመጣ ምን ይባላል?» ፍርሃታቸው እውነት ነው፤ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። የምዘናውን ውጤት ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋሁ። በ2002 ዓ.ም. በአገር ደረጃ የተደረገውን የንባብ ምዘናም አነሳሁ። ያኔ ከ2ኛ ክፍል ልጆች ሲሶው ገደማ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም ነበር። ሲዳምኛም ከተመዘኑት ቋንቋዎች አንዱ ነበር። ለረጅም ጊዜ ወረቀቱን ሲያዩ ቆዩና «ልጆቹ መጽሐፉን ማንበብ ካልቻሉ ፖርሽኑን ለማን ነው የምትሸፍኑት ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ እኔም መልስ የለኝም» አሉ። ከአማርኛ ክፍለ ጊዜዎቼ ሦስቱ በሳምንት ለደረጃ ቡድን እንዲሆኑ ተስማማን። የቀሩት በመጽሐፉ ይሄዳሉ። ሌሰን ፕላኑ ላይም እንደዚያው ይጻፋል፤ የሚደበቅ ነገር የለም።

ጥቅምት አንደኛና ሁለተኛ ሳምንት፦ ቆርኪ፣ ማዳበሪያ፣ ኮላ

ሥራው የበዛው እዚህ ላይ ነው።

የቆርኪ ፊደል። መጀመሪያ በማርከር ቆርኪው ውስጥ ጻፍኩ። ቆንጆ ነበር። ልጆች ለሁለት ክፍለ ጊዜ ሲነካኩት ላባቸው አጠፋው። ቀጥሎ ትንንሽ ክብ ወረቀት ቆርጬ፣ ጽፌ፣ በዱቄት ሙጫ ለጠፍኩ። ሌሊት ላይ በረሮና አይጥ ወረቀቱን በላው። ከዚያ በእንጨት ኮላ ለጠፍኩ፤ ያዘ። ግን ወረቀቱ ይቆሽሻል። የሠራው የጥፍር ቀለም ነው። ቀዩንና ጥቁሩን ገዛሁ። በክብሪት እንጨት ጫፍ እየነከሩ በቀጥታ ቆርኪው ውስጥ መጻፍ ነው። ይደርቃል፣ አይለቅም፣ ሲቆሽሽ በውሃ ይታጠባል። ቆርኪው ሹል ጠርዝ ስላለው ቀድሜ በመዶሻ ቀለል አድርጌ መታሁት፤ አለዚያ ጣት ይቆርጣል።

የፊደሉ ብዛት ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከሀ እስከ ፐ ያለውን ሁሉ አንድ አንድ መሥራት ብዙ ድካም ነው፤ ለቃል መሥሪያም አይሆንም። ልጆቹ «ትምህርት» ሊሠሩ ሲሉ ሁለት «ት» ያስፈልጋል፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለው አንድ ነው። በአማርኛ ቃል ውስጥ ሳድስ (ስድስተኛው የፊደል ቅርጽ) በጣም ይደጋገማል። ስለዚህ ን፣ ት፣ ል፣ ም፣ ስ፣ ር፣ ው፣ ብ እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ይኑሩ። ኀ፣ ፀ፣ ጰ ለጊዜው አንድ አንድ ይበቃል። ሳድሱን በቀይ፣ የቀረውን በጥቁር ጻፍኩ። ቀዩን ሲያዩ ልጆቹ ድምፁን ማሳጠር እንዳለባቸው ቶሎ ለመዱ።

የኪስ ገበታ። ቃላት የተጻፉባቸው የካርቶን ካርዶች የሚሰኩበት ነው። የፓስታ ካርቶን ላይ ሠርቼ ግድግዳ ላይ ልሰቅል ስል ልስኑ ፈረሰ፤ ሚስማር አይዝም። ካርቶኑም በእርጥበት ተጣመመ። ቀየርኩት። ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት አጥቤ ዘረጋሁ፤ ላዩ ላይ የደብተር መሸፈኛ ላስቲክ በአግድም እየቆረጥኩ ገበያ ውስጥ ያለ ልብስ ሰፊ አሰፋሁበት። ከመስኮት መስኮት ሲባጎ ወጥሮ በልብስ መቆንጠጫ መስቀል ነው። ፈረቃው ሲቀየር ይጠቀለልና ቁም ሳጥን ውስጥ ይገባል። ከሰዓት የሚገባው መምህርም ይጠቀምበታል።

ወጪ፦ የጥፍር ቀለም ሁለት፣ 100 ብር። ማርከር ሁለት፣ 160። ኮላ 120። ላስቲክ 100። ሲባጎ 60። ልብስ ሰፊው 200 ብሎ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ሲሰማ 150 ተቀበለኝ። ይህን ከኪሴ ነው ያወጣሁት። የንባብ ወረቀቱን ፎቶ ኮፒ ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ሸፈነ። ወመህም በሉት ወተመህ፣ የእኛዎቹ ወላጆች ሲጠየቁ እንደሚሰጡ አይቻለሁ፤ ዋናው ገንዘቡ የት እንደዋለ አምጥቶ ማሳየት ነው።

ጥቅምት መጨረሻ፦ አቡጊዳ

ለዜማው ችግር መድኃኒቱን ያገኘሁት አባቶቻችን ጋ ነው። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ «ሀሁ»ን ከጨረሰ በኋላ «አቡጊዳ» ይገባል። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። አንዱ ግዕዝ፣ ቀጥሎ ካዕብ፣ ቀጥሎ ሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ ይሄዳል፤ ፊደሉም በእያንዳንዱ እርምጃ ይቀየራል። ሁለተኛው መስመር በ ጉ ዲ ሃ ዌ ዝ ሖ ነው። በሀሁ ዜማ ቆጥሮ መድረስ አይቻልም። ልጁ ቅርጹን ማየት ግድ ይሆንበታል። ስንት ዘመን የቆየ ዘዴ ነው፤ እኛ ዘመናዊ ክፍል ውስጥ ረስተነዋል።

በቆርኪ ነው የምሠራው። ቡድኑ ጠረጴዛ ላይ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞን ይደረድራል። አንዱ ዐይኑን ይጨፍናል፣ ሌላው ሁለት ቆርኪ ያቀያይራል፣ የጨፈነው የትኛው እንደተቀየረ ይናገራል። ከዚያ ቃል ይሠራሉ። «ቡ» ከ«ና» ጋር ቡና። «ዳ» ከ«ቦ» ጋር ዳቦ። «ው» ከ«ሃ» ጋር ውሃ። በሹክሹክታ ይቆጥር የነበረው ልጅ «ዳቦ»ን ሲሠራ አልቆጠረም። አይቶ አነሳው። እኔም እንዳልረብሸው ዝም ብዬ አለፍኩ።

አንድ አባት መጥተው «ቲቸር፣ ልጄን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው የምታስተምሩት?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ክፍላችን ውስጥ የሁሉም እምነት ልጅ አለ። አስገብቼ ቆርኪዎቹን አሳየኋቸው፤ የፊደል ተራ ብቻ እንደሆነ፣ ጸሎት እንደሌለበት አስረዳኋቸው። ቁጭ ብለው ከልጃቸው ጋር ተጫወቱና ሄዱ።

ሌላው ያየሁት ነገር የሚመሳሰሉ ፊደሎች ናቸው። ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ሰ እና ሸ፣ ደ እና ጀ፣ ጠ እና ጨ። የአብዛኞቹ ልዩነት አናት ላይ ያለችው ምልክት ናት፤ የ«ጨ» ግን እግሯ ላይ ነው። በአንድ ሳምንት ጎን ለጎን ሳስተምራቸው ይበልጥ ተደበላለቁ። አሁን «ተ»ን አስተምሬ፣ በቃል ውስጥ አለማምጄ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው «ቸ»ን የማመጣው።

ኅዳር፦ ማፈር

ረዥሟ ልጅ ክፍል ውስጥ ከሁሉም በዕድሜ ትበልጣለች። ሁለት ዓመት ቤት ቆይታ ነው የተመለሰችው። ደረጃዋ ፊደል ነው። ከትንንሾቹ ጋር ዴስክ ላይ ስትቀመጥ ጉልበቷ አይገባም። አንድ ቀን ከኋላ «ትልቅ ሆና ሀሁ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። በማግሥቱ አልመጣችም።

ይህ ከፊደሉ ይከብዳል። ፊደል በወራት ይለቀማል። አንድ ጊዜ አፍሮ የሄደ ልጅ ግን ላይመለስ ይችላል።

የቡድኖቹን ስም ቀየርኩ። ደረጃ አንድ፣ ደረጃ ሁለት ማለቱን ትቼ በሀይቁ እንስሳት ስሞች አደረግኩት፦ ቆሮሶና አምባዛ (ሁለቱም ዓሣ ናቸው)፣ ጉማሬ፣ አባ ኮዳ (ትልቁ ወፍ)። ልጆች ቶሎ ነው የሚነቁት፤ ቆሮሶ ማለት የማያነቡት እንደሆኑ በሳምንት አወቁ። ስም መቀየር ብቻውን አይበቃም። ቀጥሎ የሞከርኩት ሁሉም ቡድን ቆርኪ እንዲይዝ ነው። ታሪክ የሚያነቡትም ይጫወቱበታል፤ የእነሱ ሥራ ከአንድ ረዥም ቃል ውስጥ ብዙ አጭር ቃል ማውጣት ነው። ቆርኪ የያዘ ሁሉ ሰነፍ አለመሆኑ ያኔ ታየ።

ረዥሟን ልጅ ቤቷ ሄጄ አነጋገርኳት። እናቷ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የሚሠሩት፤ ፈረቃቸው ይቀያየራል። «ቲቸር፣ እኔም እንድትማር ነው የምፈልገው። ግን ጠዋት ስገባ ሕፃኑን ማን ይይዝልኛል?» አሉኝ። ዝም ብሎ «ልጅ ማስቀረት ክልክል ነው» ማለት ቀላል ነው፤ ለሴትየዋ ግን መልስ አይሆንም። ከሰዓት ከሚያስተምረው ባልደረባዬ ጋር ተነጋገርን፤ ምክትሏም ፈቀዱ። እናቷ ጠዋት ሲገቡ ልጅቷ ከሰዓት ትማራለች፣ እናቷ ከሰዓት ሲገቡ ጠዋት እኔ ጋ ትመጣለች።

ለዚህ አንድ ነገር መሥራት ነበረብን። ሁለት መምህር አንድ ልጅ ሲቀባበል መካከል ላይ የምትጠፋው ልጅቷ ናት። ከካርቶን መዳፍ የምታህል ካርድ ሠራሁላት። የምታውቃቸው ፊደላት ላይ ምልክት ይደረጋል፣ ከሥር «ዛሬ የደረስንበት» የሚል መስመር አለ። በላስቲክ ተሸፍና ደብተሯ ውስጥ ትቀመጣለች። ባልደረባዬ ካርዷን አይቶ ካቆምኩበት ይቀጥላል፤ እኔም እንዲሁ።

የቆርኪ ሳጥኑን ኃላፊነትም ለእሷ ሰጠኋት። ቆጥራ ታድላለች፣ ቆጥራ ትሰበስባለች። ትልቅነቷ እዚያ ላይ ጠቀማት። ትንንሾቹ «እትዬ፣ አንድ ‹ን› ጎደለኝ» እያሉ ይጠሯታል። ለማደል ፊደሉን ማወቅ ስላለባት ማንም ሳይገፋት ታጠናለች።

ኅዳር መጨረሻ፦ የቡና ወቅት

ገና ነገሩ መልክ ሲይዝ ወንበር ባዶ መሆን ጀመረ። የሲዳማ ቡና የሚለቀመው በዚህ ወቅት ነው። አያት ቤት፣ አጎት ቤት የሚሄዱ ልጆች አሉ። ለቤተሰቡ የዓመቱ ገንዘብ ነው፤ አትሂዱ ብል የሚሰማኝ የለም። ጥያቄው ሲመለሱ ከየት እንጀምር የሚለው ነው። ለሚሄዱት ፌስታል አዘጋጀሁ። ውስጡ የደረጃ ካርድ፣ የንባብ ወረቀትና ጥቂት ቆርኪ አለ። «ማታ ማታ ለአያትህ አንብብላቸው» ብዬ ነው የምሸኛቸው። ሲመለሱ ወረቀቱ ጭቃ ነክቶት የመጣም አለ፣ ጨርሶ ጠፍቶበት የመጣም አለ። ካርዱ ግን አብዛኞቹ ጋ አለ። ካርዱን አይቼ በዚያው ቀን ቡድናቸው ውስጥ አስገባቸዋለሁ። እንደገና መመዘን አያስፈልግም።

የንባብ ወረቀቱን ራሴ ነው የምጽፈው። የመጽሐፉ ምንባብ ለቃል ቡድን ይረዝማል። አራትና አምስት መስመር፣ ልጆቹ በሚያውቁት ነገር። አሞራ ገደል (የዓሣ ገበያው) አሳ ሲራገፍ። ጀልባና መረብ። አባ ኮዳ አንጀት ሲሻማ። ልጁ «አምባዛ» የሚለውን ቃል ግማሹን አንብቦ የቀረውን በራሱ ይሞላዋል፤ ምክንያቱም አምባዛን ያውቀዋል። አንድ የከበደን ነገር ጠብቆና ላልቶ የሚነበበው ነው። «ልጁ ገና አልመጣም» የሚለውን የገና በዓል አድርገው ያነቡታል። ፊደሉ አይነግራቸውም፤ ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻ አይተው ተመልሰው እንዲያነቡ ነው የማደርገው።

ቤታቸው ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ የሚናገሩ ልጆች ደግሞ ቃሉን ያነቡትና ትርጉሙ ይጠፋቸዋል። ሲዳምኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ሁለት ዓይነት ጽሕፈት ነው አብረው የሚይዙት። ሲዳምኛ የሚችል ልጅ በየቡድኑ መድቤአለሁ። መጀመሪያ በሲዳምኛ ስለ ታሪኩ ያወራሉ፣ ከዚያ በአማርኛ ያነባሉ። ክፍሉ ይንጫጫል፤ ይንጫጫ።

ታኅሣሥ፦ ለውዝ ሻጩና መቀነስ

ሒሳብ ዕቅዴ ውስጥ አልነበረም። ለውዝ ሻጩ ልጅ ነው ያስገባኝ። ደብተሩ ላይ 52 ሲቀነስ 27 ብሎ 35 ጽፏል። ከ7 ላይ 2 ቀንሶ 5፣ ከ5 ላይ 2 ቀንሶ 3። ትንሹን ከትልቁ ይቀንሳል፣ የቱ ከላይ እንዳለ አያይም። ግማሽ ክፍሉ እንዲሁ ነው የሚሠራው።

ጠራሁትና «አንድ ስኒ ለውዝ 20 ብር ነው። ሦስት ስኒ ገዝቼ 100 ብር ሰጠሁህ» አልኩት። አፌን ሳልዘጋ «40 መልስ» አለኝ። «27 ብር ገዝቼ 52 ብሰጥህስ?» ትንሽ አሰበና «25» አለ። ደብተሩን ከፍቼ 35ቱን አሳየሁት። ደነገጠ። «ቲቸር፣ ይሄማ ያከስራል» አለ።

ስለዚህ በብር ጀመርን። ከካርቶን ባለ 10 እና ባለ 1 ብር ቆረጥን። 52 ማለት አምስት ባለ 10 እና ሁለት ባለ 1 ነው። 7 ስጠኝ ሲባል ሁለት ባለ 1 አይበቃም። «አንዱን አስር ዘርዝር» እላለሁ። ይዘረዝራል፤ አራት ባለ 10 እና አሥራ ሁለት ባለ 1 ይሆናል። ከዚያ ይሰጣል። እያንዳንዱን እርምጃ አጠገቡ ያለው ልጅ ደብተር ላይ በቁጥር ይጽፈዋል። ለውዝ ሻጩን የገንዘብ ያዥ አደረግኩት። እጁ ላይ ያለውን ዕውቀት ወደ ወረቀት ማምጣት ነው ሥራው፤ አዲስ ነገር ማስተማር አልነበረብኝም።

አስርንና አንድን ለማሳየት ጭራሮ በላስቲክ አስሮ መቁጠርም ሞክሬ ነበር። ይሠራል፤ ግን ጭራሮው ይሰበራል፣ መሬት ላይ ይበተናል። የካርቶን ብሩ ይቀላል።

ጥር፦ ሁለተኛው ምዘና

ያው ገጽ፣ ፊደሎቹና ቃሎቹ ተቀያይረው። ፊደል ላይ ከነበሩት አብዛኞቹ ቃል ላይ ደርሰዋል። ከእነሱም አንቀጽ የገቡ አሉ። ረዥሟ ልጅ አንቀጹን በቀስታ፣ ጣቷን እያስኬደች አነበበች። በሹክሹክታ ይቆጥር የነበረው ልጅ አሁን «ኘ» እና «ዠ» ላይ ብቻ ነው የሚያመነታው።

አምስት ልጆች ካሉበት አልተነሱም። ለምን እንደሆነ ለየብቻ ማየት ነበረብኝ። አንደኛው ቆርኪ ላይ ይለያል፣ ሰሌዳ ላይ አይለይም። ወንበሩን ወደፊት ሳመጣው ዐይኑን ማጨንቆሩን አየሁ። በር ላይ አቁሜ ትልቅ የፊደል ካርድ ከሩቅ ሳሳየው ሌሎቹ የሚያዩትን አያይም። ቤተሰቡ ዐይን ክሊኒክ ወሰዱት፤ መነጽር ታዞለታል። ይህን ምርመራ መስከረም ላይ ከንባቡ ምዘና ጋር ማድረግ ይሻላል፤ አንድ ካርድና ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈልገው። ጆሮም እንዲሁ፤ ከኋላው ቆሞ በዝቅተኛ ድምፅ ቃል ተናግሮ እንዲደግም ማድረግ ነው።

ሁለቱ ብዙ ቀን የሚቀሩ ናቸው። ምክንያቱ አንዱ ጋ ደብተር የለውም፣ ሌላው ጋ ጠዋት ሳይበላ ነው የሚመጣው። ደብተሩን ወተመህ ሰጠ። የቁርሱን ነገር ለምክትሏ አቅርቤአለሁ። የቀሩት ሁለቱ ጋ እስካሁን ምክንያቱን አላገኘሁም። በየካቲት ከእነሱ ጋር ለብቻ በትንሽ ቡድን እቀመጣለሁ፤ ሌሎቹ ቡድኖች አሁን ያለእኔ መሥራት ስለለመዱ ጊዜ አለኝ።

ለሁለተኛው መንፈቅ የሚቀሩ ሥራዎች። የጠፉ ቆርኪዎች መተካት፤ «ን» እና «ት» ናቸው በብዛት የጠፉት። የካርቶን ብሩ ላይ ባለ 100 መጨመር። የ4ኛ ክፍል መምህራን ካርዱን እንዲቀበሉ ከአሁኑ ማነጋገር፤ ሰኔ ላይ ካርድ ይዞ የሚያልፍ ልጅ መስከረም ላይ የሚጠብቀው መምህር ይኑረው። የከሰዓቱ ባልደረባዬ ደግሞ የራሱን የኪስ ገበታ ማሠራት ጀምሯል። ልብስ ሰፊው ከረጢቱን ይዘን እስክንመጣ አልጠበቀም፤ ላስቲኩን ቀድሞ ቆርጦ አስቀምጦልናል።